ከማዶ ሆኜ ያነሳሁት ቤት

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከተናገረው ያሳንሰዋል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእኔ ብሎክ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ፣ ስልኩ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የገዛ ሬዲዮዬን ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ በመግጠም ነው። በዚያ ሙያ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ድሬያለሁ፣ የማንንም ደጅ ሳልጠና እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። እንግሊዝኛም ቢሆን ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። ሬዲዮ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጀመርኩና ወደ ፊት ሄድኩ።

ዘመናዊ ስልክ የያዝኩት ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው፤ ከያዝኩት በኋላ ግን የቀደመኝ የለም። የልጅ ልጆቼ ስልክን የሚያውቁት በጣታቸው ነው። እኔ በውስጡ ያለውን ማስተካከያ ሁሉ ከላይ እስከ ታች እያነበብኩ ነው ያወቅኩት። አንድ ቀን እንዲሁ ሳነብ፣ ካሜራው ውስጥ ፎቶ ከነቦታው እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነገር አገኘሁና ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ የማነሳው ፎቶ ሁሉ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ካርታውን ስከፍተው ፎቶዎቼ በሄድኩበት መንገድ ላይ ተደርድረው አየኋቸው። ደብረ ሊባኖስ የሄድኩበት፣ ዝዋይ የወረድኩበት፣ አውቶቡሱ ጎማ ለመቀየር የቆመበት ዳገት ሳይቀር። ዕድሜዬን ሙሉ የተጓዝኩት ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ የመጣልኝ መሰለኝ።

ለራሴ ብቻ አላስቀረሁትም። እንጦጦ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ስወጣ የማነሳውን ሁሉም ሰው በሚያየው ዲጂታል ካርታ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። የትኛው መንገድ ሲዘንብ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው መታጠፊያ ወደ ኪዳነ ምሕረት እንደሚያወጣ፣ የት ላይ አረፍ ቢሉ ከተማው ሙሉ በሙሉ እንደሚታይ። አንድ የማላውቀው ሰው «በፎቶዎ መንገዱን አገኘሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቴ «እስቲ ድገመው» እያለች ስንት ጊዜ እንዳስነበበችኝ። እሷ ደግሞ በቀላሉ ሰው የምታደንቅ ሴት አይደለችም።

ይህን ያልኩት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ ለምን ለእኔ እንደተዉልኝ ግልጽ እንዲሆን ነው።

የሚካኤል ማኅበር አለን። የተመሠረተው ሁላችንም የካ ሚካኤል አካባቢ ጎን ለጎን በምንኖርበት ጊዜ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ተራ በደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ በእልልታ ይሰጥና ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማኅበሩን መሪ ሙሴ እንለዋለን፤ ስሙ ሳይሆን ሹመቱ ነው። ድሮ ማኅበር መሄድ ማለት አጥር መሻገር ነበር። ጠላው ካነሰ እንኳ ከጎረቤት ማሰሮ ይመጣል። በኋላ ሰፈሩ ፈረሰና ተበታተንን። እኔን ጨምሮ የሚበዛው አባዶ ገባ፣ ገሚሱ አያት፣ አንዳንዱም ልጁ ጋ ተጠጋ።

አንዷ ብቻ ወደ ላይ ሄደች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ወንድሟ የተወላትን ቤት ይዛ እንጦጦ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ወዲህ ባለው ተዳፋት፣ ባሕር ዛፍ መሀል ትኖራለች። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ «የላይኛዋ» ነው የምንላት። እሷ ግን አንድም ወር ቀርታ አታውቅም። ሌሊት ተነስታ፣ ወርዳ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራ፣ ከሁላችንም ቀድማ አባዶ ትገኛለች።

ያለፈው ተራዋ ሐምሌ ላይ ነበር የዋለው። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ጉሙ ሌላ ነበር። ቤቷ የደረስነው ቄሱ፣ ሙሴና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ መንገድ አይጠፋኝም፣ ሙሴንም ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲዞሩ ቆይተው፣ አንዱ ለሌላው እየደወለ፣ ሁሉም ተመለሱ። ያን ሁሉ ዳቦ ለጎረቤት አከፋፈለችው። በወሩ ማኅበር ስትመጣ እንደ ሁልጊዜው ሰላም ብላን ተቀመጠች። ቢሆንም ማዘኗን ሁላችንም አውቀነዋል።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ተራው ዞረና ጥቅምት ላይ እንደገና ደረሳት። ጽዋውን የምትረከበው መስከረም ላይ፣ አያት በአንዱ ማኅበርተኛችን ቤት ነበር። ገና ጽዋው ሳይነሳ፣ እዚያው አያት ሱቅ ያላት አንዲት ማኅበርተኛ ጀመረች። ምላሷ ስለት ነው፣ ሆዷ ግን ባዶ ነው፤ ቂም አይገባበትም።

«እኔ እዚያ ጫካ ተመልሼ አልገባም» አለች። «ባለፈው አንድ ጫማዬን ለጅብ ሰጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ጅብ ደግሞ ያንቺን ጫማ ምን ያደርግለታል?» አለ ሙሴ።

«ምን እንደሚያደርግለት አላውቅም፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። እኔ የምለው፣ ጥቅምት ለምን እኔ ቤት አናደርገውም? የላይኛዋ ትደግስ፣ ቤቱ ግን የእኔ ይሁን። ሰፊ ነው፣ መንገድ ዳር ነው።»

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ክፉ አሳብ አይደለም፤ እውነቴን ነው፣ ለደግ ብላ ነው ያለችው። የላይኛዋ ግን ጽዋውን ለመቀበል ተነስታ ነበርና እዚያው ቆማ ቀረች።

«ጽዋ የምቀበለው ቤቴ ልወስደው ነው» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ያን ሐምሌ ቁጭ ብዬ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ጥቅምትም እንደዚያ ከሆነ፣ ጽዋውን ለአባ አስረክቤ እወጣለሁ። የሰው ቤት ተውሼ አልዘክርም።»

 ማኅበር መውጣት ለእኔ ቢሆን ቀላል ነው፤ ልጆች አሉኝ፣ ጎረቤት አለኝ። ለእሷ ግን ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሞት የሚያለቅስላት ይህ ማኅበር ነው። ሌላ ወገን የላትም። ሁሉም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ማንም ቀና ብሎ ያላያት።

እኔ ተነሳሁ። «መንገዱን ለእኔ ተዉት» አልኩ።

«ተሸክመኸን ልትወጣ ነው?» አለች ባለሱቋ።

«ስልክሽ ይሸከምሻል። አንቺ ብቻ ቻርጅ አድርገሽ ነይ። ማንንም ሳትጠይቂ በሯ ላይ አደርስሻለሁ።»

«አንተም ጀመረህ ደግሞ!» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ በሳቁ መሀል የላይኛዋ ጽዋውን ተቀበለችና እልል ተባለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጣሁ። ቤቷ ደርሼ ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሁለት ፎቶ አነሳሁ። አየሁት፤ ቆርቆሮ አጥር ነው፣ ከላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል። እንዲህ ያለ አጥር እንጦጦ ላይ የሌለበት የለም። ይህችን ሴት በቆርቆሮ ላስተዋውቃት አልፈለግኩም። ስለዚህ ዞሬ፣ ከቤቷ ፊት ያለውን ጥልቅ ሸለቆ በሩቁ መንገድ ከብቤ፣ ማዶ ካለው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሲታይ ቤቱ ሌላ ቤት ነው። በኖራ የተቀባው ግድግዳ፣ ሰማያዊው በር፣ ጓሮዋ ያለው ጎመን፣ ከሥር ደግሞ ከተማው እስከ አያት ድረስ ተዘርግቶ። አነሳሁት። ያነሳሁት ፎቶ ብዙ ነው፤ ያን የሚያህል የለኝም።

ለዓለም አልለጠፍኩትም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ለማንም አይታይም፤ ይህን ያህል አስተዋይ ነኝ። ለማኅበርተኛው ብቻ በቴሌግራም ላክሁት፣ ሲነኩት ካርታው ላይ ቦታውን እንዲከፍት አድርጌ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞርኩ አሠለጠንኳቸው። «ሰማያዊዋ ነጥብ አንተ ነህ፤ ቀይዋ ቤቱ ናት። ሰማያዊዋን ወደ ቀይዋ ውሰድ፣ አለቀ።» ቀይዋን እኔም አየኋት፤ ባሕር ዛፉ መሀል ናት። ካርታው ላይ ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ አረንጓዴ ነው፤ የወዲህኛው ጫፍና የወዲያኛው አይለይም።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ደረሰ። ሰማዩ የታጠበ ነበር። ሙሴ ደውሎ «አብረን እንውጣ፣ ምራን» ቢለኝ እምቢ አልኩ። እኔ ከመራኋቸው ሥራዬ የት ይታያል? ቀድሜ ወጥቼ ቤቷ ተቀመጥኩ። ቄሱ መንገዱን ያውቁታልና በኪዳነ ምሕረት በኩል መጡ። ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ወንበሩ ሁሉ ከጎረቤት ተሰብስቦ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። የላይኛዋ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«በስንት ሰዓት ኑ ነው ያልካቸው?» አለችኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ መንገድ ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ይታየኛል።»

በእርግጥም ይታየኝ ነበር። ቦታቸውን እንዲያጋሩኝ አድርጌያቸው ስለነበር ነጥቦቹ ወደ ቀይዋ ሲጠጉ አያለሁ። ደረሱ። ቀይዋ ላይ ተከማቹ። ቀና ብዬ በሩን አየሁ፤ ሰው የለም። ከአጥሩ ወጥቼ አየሁ፤ ሰው የለም።

«ደርሰዋል» አልኩ።

የላይኛዋ አየችኝ። «የት?» አለች።  ተመልሳ የዳቦውን ጨርቅ ማስተካከል ጀመረች። ጨርቁ ግን አልተበላሸም ነበር። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ፊቷን ማየት ከበደኝ።

ድምፁ የመጣው ያኔ ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ በብዙ ጉሮሮ።

«የላይኛዋ! አቤት የላይኛዋ!»

ወጣን። ማዶ ጫፍ ላይ፣ እኔ ፎቶ ባነሳሁበት ቦታ ላይ፣ ማኅበርተኛው በሙሉ ነጠላውን ለብሶ ተሰልፏል።

«እንዴት ዋላችሁ!» አለች፣ እጇን ለዓይኗ ጥላ አድርጋ። «እዚያ ምን ትሠራላችሁ?»

«ማኅበር መጥተን ነዋ!»

ባለሱቋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! ካርታህ እኛን አድርሶናል፣ ቤቱ ግን ገና አልደረሰም!»

«ባላችሁበት ቁሙ!» አልኳት።

«ወዴት እንሄዳለን? ስልኩ ደርሰሻል፣ ደርሰሻል ብሎ አላንቀሳቅስ አለን እኮ!»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አየሁት። እነሱ አሁን የሚያዩት፣ ፎቶው ላይ ያለው፣ አንድ ነው። ያኔ ገባኝ። ፎቶው አልዋሸም። ቦታ የሚመዘግበው እኔ የቆምኩበትን እንጂ ፊት ለፊቴ ያለውን አይደለም። ቤቱን ሳይሆን ራሴን ነው ካርታው ላይ ያስቀመጥኩት። ይህን የሚያስረዳ ሰው አጠገቤ አልነበረም፤ ራሴው፣ ቆሜ፣ በአንድ አፍታ ደረስኩበት።

ቄሱ ከኋላዬ ሆነው ስልኩን አዩት፤ ማዶውንም አዩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሥዕሉም ልክ ነው፣ እነሱም የቆሙት ልክ ነው። የቀረህ መሀሉ ብቻ ነው።»

መሀሉ ግን ቀላል አልነበረም። ካርታው እነሱን ከከተማው በሌላ መንገድ በቀጥታ ወደ ማዶው ነው ያወጣቸው። ከቤቷ ወደ ማዶው እኔ የዞርኩበት ሩቅ መንገድ ለሽማግሌ የማይታሰብ ነው፤ የሸለቆው ቁልቁለት ደግሞ የሚያስፈራ። ሙሴ ጉልበቱን ያመዋል። ማዶ ሆነው ሲነጋገሩ ይሰማናል፤ እንጦጦ ላይ በጠራ ቀን ድምፅ እንደ ወፍ ነው የሚሻገረው።

«እዚሁ ሆነን ጸሎቱን ሰምተን ብንመለስስ?» አለ አንዱ። «አባ ድምፃቸው ይደርሳል።»

«ዳቦውስ? ይወረውሩልናል?» አለች ባለሱቋ።

«ቀልዱን ተይው። በዚህ ገደል እንዴት ነው የምንወርደው?»

የላይኛዋ ሁሉንም እየሰማች ነው። እጇን ከዓይኗ ላይ አላወረደችም። የሙሴ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁሉም ሰምቶታል።

«እያየችን? ያን ሐምሌ ተመልሳችሁ መንገድ ጠፋን አላችሁ፤ እሺ፣ ጠፍቷችሁ ይሆናል። ዛሬ ምን ልትሉ ነው? ቤቱ ያው፣ ባለቤቷ ያችው ቆማለች። እኔ በእንብርክኬም ቢሆን እሻገራለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሚመለስ ሰው አልተገኘም። እኔ ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቀይዋን በትክክል በሯ ላይ አስቀምጬ ቢሆን፣ ግማሹ ዳገቱ ላይ ደክሞት፣ ባሕር ዛፉ ጋርዶት፣ ማንም ሳያየው ተመልሶ ነበር። ማዶ ስላቆምኳቸው ግን እሷ አየቻቸው፣ እነሱም አዩዋት። ስህተት ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ እንደኔ ግን ከልኩ የበለጠ የሠራ ስህተት ነው።

ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የሚሄዱበት ቀጭን መንገድ አለ፤ ከላይ አይታይም፣ ከገቡበት ግን እንደ ደረጃ ነው። መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ቆምኩ። አሁን ግን የቤቱን ፎቶ አላነሳሁም። ሰው ግራ በሚገባው ቦታ ላይ ራሴ ቆሜ፣ ቀጥሎ የሚረገጠውን መንገድ አነሳሁ፤ ቦታው የምቆምበት፣ ምስሉ የምሄድበት። እነሱ ሲመጡ እንዲያገለግላቸው ደግሞ ወደ ኋላ ዞሬ፣ ወደ ቤቷ አቅጣጫም አነሳሁ። እንዲህ እያደረግኩ ማዶ ወጣሁ። ትንፋሼ ቢቆራረጥም አላሳየኋቸውም።

«መጣህ?» አለች ባለሱቋ። «ቤቱንም ይዘኸው የምትመጣ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺን ልወስድሽ ነው። ጫማሽን አጥብቂ።»

ወረድን። ሙሴን ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ያዘው፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ግማሹ በቂጡ ተንሸራተተ፣ ግማሹ ዛፍ እያቀፈ ወረደ። ባለሱቋ «ሚካኤል ሆይ፣ ክንፍህን አበድረኝ!» እያለች ሁሉንም ስታስቅ ወረደች። ከታች ውኃው ጋ ስንደርስ የላይኛዋ ቆማለች። ባለተራ እንግዳ የሚቀበለው ከበሩ ላይ ነው፤ እሷ ግን ቤቷን ለአባ ትታ ወንዙ ድረስ ወርዳለች። የሙሴን እጅ ይዛ፣ ከኋላው የሚመጣውን አንድ በአንድ ተመለከተች።

«የቀረ የለም?» አለች።

«የታመመም፣ የደከመም አልቀረም» አላት ሙሴ። «ሁላችንም አለን።»

ፊቷን ወደ ዳገቱ መለሰችና እልልታዋን ለቀቀችው። ከላይ ጎረቤቶቿ ሰምተው መለሱላት።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ከድካማችን ብዛት ጠላው እንዴት እንደጣፈጠን! ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ፣ የኅዳር ባለተራ ባለሱቋ ነበረች። የላይኛዋ ጽዋውን አንስታ ሰጠቻት።

«ኅዳር እመጣለሁ» አለቻት። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ? ያንቺን ሰፈር ፎቅ ከፎቅ አልለየውም። ሁልጊዜ ቀድሜ የምመጣው ስጠፋ የምፈልግበት ጊዜ እንዲኖረኝ ብዬ ነው።»

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ባለሱቋ ጽዋውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። በዚህ ጊዜ ግን አላፌዘችም። «ሰማህ ወንድሜ?» አለችኝ። «መቼ ትመጣለህ?»

ጥቅምት ሳያልቅ አያት ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ላስቀምጥ፤ ሁሉንም ያለአስተማሪ፣ በዚሁ ጉልበት፦

— ከፈረንሳይ ሰፈር ታክሲ መውረጃ እስከ የላይኛዋ በር ያለውን መንገድ፣ ሰው በሚሳሳትበት ቦታ ሁሉ ቆሜ በፎቶ አስቀምጫለሁ። የማዶውን ፎቶ ግን አላጠፋሁትም፤ የላይኛዋ አሳጥባው ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች።

— ከአያት ባቡር መጨረሻ እስከ ባለሱቋ ፎቅ፣ ደረጃው ሳይቀር። ኅዳር ላይ የላይኛዋ ማንንም ሳትጠይቅ ገባች፤ ያውም ዘግይታ፣ እንደ ሰው።

— የማኅበርተኛውን ቤት በሙሉ፣ የእኔን ጨምሮ። የባለቤቴ ዘመዶች እንኳ አሁን ብሎካችንን ሳይስቱ ይመጣሉ።

— በቅጠል ተሸካሚዎቹ መንገድ ላይ ያለውን አደገኛ መታጠፊያ፣ ሴቶቹን ጠይቄና አስፈቅጄ፣ ሁሉም በሚያየው ካርታ ላይ ከነማስጠንቀቂያው ለጥፌያለሁ።

— ሙሴን ጨምሮ ማንበብ የሚችለውን ማኅበርተኛ ሁሉ ፎቶ ከነቦታው ማንሳት አስተምሬያለሁ። ባለሱቋ ከሁሉም ቀድማ ቻለችበት፤ ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

— የላይኛዋ ከማኅበሩ አልወጣችም። በሚመጣው ተራዋ ወንበር ከሩቅ ጎረቤት ጭምር መዋስ ሊኖርባት ነው፤ የማኅበርተኛው ልጆችም እንመጣለን ብለዋል።